በእህቴ አፍ የተነገረው

የማርያም ማኅበራችን ጽዋ የሸክላ ነው። ጥቁር ነው፣ ክዳን አለው፣ በየወሩ በነጭ ነጠላ ተሸፍኖ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ባለተራዋ ዳቦ ትጋግራለች፣ ጠላ ትጠምቃለች፣ ማኅበርተኞቿን ታበላለች፤ በመጨረሻ ቄሱ ጸሎት ያደርሱና ጽዋው ለሚቀጥለው ወር ባለተራ ይሰጣል። እሷም ይዛው ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ጽዋ ተረክባ ያላበላች ሴት ማኅበር ገባች አይባልም። ሠርግ ብትደርስ፣ ለቅሶ ብትደርስ፣ ቤቷ ገብተን ካልበላንላት ገና ደጅ ላይ ናት።

ጎረቤቴ ደጅ ላይ ብዙ ዘመን ቆማለች።

ቤቷ ከእኔ አጥር ወዲያ ነው፣ ወረታ ዳር፣ የሩዙ ማሳ ከሚጀምርበት። ሸክላ ትሠራለች። አፈሩን ቆፍራ በጀርባዋ ታመጣዋለች፣ ትወቅጠዋለች፣ ትነፋዋለች፣ ከዚያ ተንበርክካ ታቦካዋለች። ክረምት ሜዳው ላይ ውሃ ሲተኛ ሥራዋ ይቆማል፤ ሸክላው አይደርቅም፣ መተኮሻ ኩበቱም እርጥብ ነው። በጋውን ሙሉ ግን እጇ አያርፍም። ከዚህ እስከ ሐሙሲት ድረስ የእሷ ድስት የሌለበት ቤት ጥቂት ነው።

ወገኖቿ ቤተ እስራኤል ናቸው። ልጅ ሳለሁ በሌላ ስም ነበር የምንጠራቸው፤ ያን ስም እዚህ አልጽፈውም። አብዛኞቹ በደርግ ጊዜና ከዚያም በኋላ ወደ እስራኤል ሄደዋል። የእሷ አያት ክርስትና ተነሥታ ስለ ነበር እነሱ ቀሩ። ጎረቤቴ ትጾማለች፣ ታስቀድሳለች፣ ልጆቿን ሁሉ ክርስትና አስነሥታለች። ይሁን እንጂ ሸክላ ሠሪ፣ አንጥረኛ፣ ሸማኔ ሲባል ቡዳ ነው፣ በዓይኑ ሰው ይበላል የሚባለውን ነገር አንባቢ ያውቀዋል። አስፋልት ገባ፣ መብራት ገባ፣ ያ ነገር ግን አልወጣም። ብቻ ጮክ ብሎ የሚናገረው እያነሰ መጥቶ ነበር።

ማኅበሩ ውስጥ የገባችው በሙሴያችን ምክንያት ነው። ሙሴ የምንለው የማኅበሩን መሪ ነው። መንገድ በተዘጋበት ሰሞን ታማ ተኛች፤ ልጆቿ ባሕር ዳር ናቸው፣ ሊደርሱላት አልቻሉም። ውሃ የቀዳችላት፣ አጥሚት እያፈላች ያጠጣቻት ይህች ጎረቤቴ ናት። ሙሴያችን ስትድን ማኅበሩ ፊት ቆማ፦

“እንግዲህ ከእጇ በላሁ፣ ይኸው አልሞትሁም” አለች።

ሴቶቹ ሳቁ። በሳቅ ገባች።

በጥቅምት ተራው የእኔ ነበርና ጽዋውን ያስረከብኋት እኔ ነኝ። በሁለት እጇ ተቀበለችው። ነጠላውን ገለጥ አድርጋ ከሥሩ አየችው፤ ሸክላ ያየች ሸክላ ሠሪ ሁሉ እንዲህ ታደርጋለች።

“የእናቴ ሥራ ነው” አለችኝ ቀስ ብላ።

ከእኔ በቀር የሰማት የለም። ማኅበሩን የመሠረቱት እናቶቻችን ጽዋውን ከገበያ ገዝተውት ኖሯል፤ ከማን እንደ ገዙት ማንም አላስታወሰም። የእሷ ተራ ለኅዳር ጽዮን ዋለ። ከበዓሎቻችን ትልቁ ነው።

የእህቴ ልጅ አብሮኝ ይኖራል። እናቱ ከሞተች ወዲህ ያሳደግሁት እኔ ነኝ፤ አሁን የሁለተኛ ደረጃ መምህር ሆኗል። ጥሩ ልጅ ነው፣ ማንበብ ይወዳል። ቀድሞ መጽሐፍ ነበር፣ ዛሬ ስልክ ነው።

ጽዋውን ካስረከብሁ ብዙም ሳይቆይ፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ሙሴያችንና አንዲት ምላሰኛ ማኅበርተኛ በረንዳዬ ላይ ተቀምጠው ሩዝ ይለቅሙልኝ ነበር። የባሌ ሙት ዓመት ቀርቦ ነበር። የእህቴ ልጅ ስልኩን ይዞ ከደጃፉ ተደገፈ።

“ዛሬ ጉድ ላሰማችሁ” አለ።

“ፖለቲካ ከሆነ ተወን፣ ጠጠሩን ከሩዙ እንደባልቀዋለን” አለች ምላሰኛዋ።

“ፖለቲካ አይደለም። የተደበቀ ጽሑፍ ነው።”

አነበበ። ድምፁ የመምህር ድምፅ ነው፣ ያምራል። አይሁድ በስውር ጉባኤ ተቀምጠው ሕዝብን ከሕዝብ እንዴት እንደሚያፋጁ፣ ገንዘቡንና ጋዜጣውን እንዴት እንደሚይዙ፣ በመጨረሻም ዓለሙን እንዴት እንደሚገዙ ሲማከሩ፣ ንግግራቸው እንዳለ ተጽፎ ተገኘ የሚል ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው “እኛ፣ እኛ” እያለ ይሄዳል። ሙሴያችን እጇን ከሩዙ አወጣች።

“ራሳቸው ናቸው ይህን የተናገሩ?”

“ራሳቸው። እኔ አልጨመርሁ፣ አልቀነስሁ።”

“በስመ አብ።”

ምላሰኛዋ ወደ አጥሩ ማዶ በአገጯ አሳየች። “ታዲያ እቺኛዋስ ከዘሩ አይደለችም? እኛ ደግሞ ለጽዮን ተሰልፈን ቤቷ ልንገባ ነው።”

“እሷማ ክርስቲያን ናት” አለች ሙሴያችን።

“መስሎ መግባት የለም እንዴ? አንተ፣ መስሎ ስለ መግባት አይልም?”

“እንደዚያ የሚል ነገርማ አለበት” አለ የእህቴ ልጅ። ክፋት አስቦ አይደለም። ተማሪ ጥያቄ ሲጠይቀው እንደሚመልሰው ነው የመለሰው።

“ዓለሙን የምትገዛው እሷ ናት?” አልሁ። “ትናንት አፈር ተሸክማ ወገቧ አልቃና ብሏት ደግፌ ያስገባኋት እኔ ነኝ።”

“እንዴ እትዬ! እሱማ እንዳይታወቅባት ነዋ!”

ምላሰኛዋ ሳቀች። የእህቴ ልጅም ሳቀ። ሙሴያችን ግን አልሳቀችም፤ ሩዙን ትታ እጇን በቀሚሷ ስትጠርግ አየኋት። ከጎረቤቴ እጅ አጥሚት የተቀበለ እጅ ነው። ያን ጊዜ የጽዮን ድግስ እንዳበቃለት ጠረጠርሁ።

እኔን የከነከነኝ የጽሑፉ አነጋገር ነበር። ክፉ ሰው አይቻለሁ፤ የሰው መሬት የሚቀማ ሰው እንኳ ለራሱ ሲናገር ምክንያት አለው፣ ተበድዬ ነው ይላል። እኔ ክፉ ነኝ፣ ይህን ይህን ክፋት አስቤያለሁ ብሎ ጠላቱ የሚመኘውን ሁሉ በተራ የሚናገር ሰው አላየሁም። እንዲህ ያለ ኑዛዜ በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ ሰምቼ ነበር። የተናገረችው እህቴ ናት፤ የዚህ ልጅ እናት።

ያደግነው ይፋግ አጠገብ ነው። እኔ ደብረ ታቦር እየተማርሁ ክረምቱን ቤት መጥቼ ነበር። ውሃው ሸሽቶ ሜዳው ረግረግ በሆነበት ሰሞን እህቴን ትኩሳት ያዛት። ወባ ነበር። የወባን ስም በዚያ አገር የማያውቅ የለም፤ ግን እየቃዠች መጮህ ስትጀምር ቡዳ ነው ተባለ። አዋቂ የሚሉት ሰው ተጠራ።

ቤቱ ሰው ሞላው። ሰውዬው ግዛዋ የሚባለውን ቅጠልና አሮጌ ጨርቅ ፍም ላይ ጨመረ፣ እህቴን በጋቢ ሸፍኖ ጭሱን ከአፍንጫዋ ሥር አስጠጋው። ሁለት ሰዎች ያዟት። እኔ ከምሰሶው ሥር ነበርሁ፤ ሁሉንም እሰማለሁ።

“ማነሽ አንቺ?” አለ። እህቴን መጠየቁ አይደለም፤ ውስጧ ገብታለች የተባለችውን ነው።

እህቴ ትስላለች፣ ታለቅሳለች።

“ተናገሪ! ከላይኛው መንደር ነሽ?”

ጭሱ ጨመረ።

“ነኝ” አለች።

“ሸክላ ሠሪዋ ነሽ?”

“ነኝ፣ ነኝ።”

“የት አገኘሻት? ገበያ ነው? ይፋግ ገበያ?”

“ይፋግ ገበያ።”

“ምን ስትበላ አየሻት? ዳቦ ስትበላ?”

“ዳቦ ስትበላ።”

“አቤት! አቤት!” አለ ሰዉ። “ራሷ ተናገረች!”

በማግስቱ መንደሩ የሚያወራው መልሱን ብቻ ነበር። ‘ሸክላ ሠሪዋ ነኝ አለች፤ ይፋግ ገበያ ዳቦ ስትበላ አየኋት አለች’ ይባላል። ሰውዬው ምን ብሎ እንደ ጠየቀ የሚያነሣ የለም። ጭሱን የሚያነሣ የለም። ወንዶቹ ወደ ላይኛው መንደር ወጡና የሴትየዋን ልብስ ቀድደው አመጡ፤ ያን ጨርቅ ደግሞ አጭሰው እህቴን ማጠን ነበረባቸው። ሲቀድዱባት እጇ ጭቃ ስለ ነበር ልብሷን መያዝ አልቻለችም አሉ። እየሳቁ ነው ያወሩት። ያቺ ሴት የእናቴ ወዳጅ ነበረች። የቤታችን እንስራ ሁሉ የእሷ ሥራ ነበር።

እህቴን ያዳናት አባቴ ከወረታ ያመጣላት ክኒን ነው። ከዳነች በኋላ ርብ ወንዝ ወርደን ልብስ ስናጥብ ጠየቅኋት።

“ማን ነበረች የተናገረችው?”

“ማንም። ጭሱ ሲያቃጥለኝ እሱ ያለኝን አልሁ።”

“ሴትየዋን አይተሻት ነበር?”

“እኔ በዚያ ሳምንት ገበያም አልወጣሁ።”

ይህንኑ ለእናቴ ነገርኋት። ጠዋት ተነሥታ ቅቤ በቅል አድርጋ ወደ ላይኛው መንደር ወጣች። ከሰዓት በኋላ ቅቤውን እንደያዘች ተመለሰች። በሩ በገመድ ታስሯል፣ ሸክላ የሚተኮስበት ቦታ አመዱ ቀዝቅዟል አለች። ወዴት እንደ ሄዱ የሚያውቅ ሰው አላገኘችም። የዛሬዋ ጎረቤቴ የዚያች ሴት ዘመድ ትሁን አትሁን ጠይቄያት አላውቅም።

ሙሴያችንና ምላሰኛዋ ከሄዱ በኋላ ይህን ለእህቴ ልጅ ነገርሁት። ከደጃፉ ተነሥቶ መጣና ሴቶቹ ከተነሡበት ወንበር ላይ ተቀመጠ።

“እናቴ ናት?”

“እናትህ።”

“አንድም ቀን አልነገረችኝም።”

“ከእኔ በቀር ለማንም አልተናገረችም።”

“ይህ እኮ ሌላ ነው፣ እቴቴ። የእማዬ በሽታ ነው፣ መንደር ነው። ይህ የታተመ ነገር ነው። ፈረንጅ አገር የተጻፈ ነው።”

“ጠያቂው የት አለ?”

“የምን ጠያቂ?”

“እኛ ቤት ጭሱን የያዘ ሰው ነበር። እኔ ስለ ነበርሁ አየሁት። ያልነበረ ሰው የሰማው መልሱን ብቻ ነው። አንተ ያነበብኸው ላይ ማን ነው የያዘው? ጉባኤው የት ተቀመጠ? እነማን ተናገሩ? ማን ሰምቶ ጻፈው?”

ስልኩን ወደ ላይ ወደ ታች አደረገው። ደጋግሞ አየው።

“አይልም” አለ።

“እንግዲያው እንደ እናትህ ነው።”

ከጥቂት ቀን በኋላ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቦርሳውን እንኳ ሳያወርድ መጣ። ፈልጎ አንብቧል። ጽሑፉ ሐሰት መሆኑ ከአያቶቻችን ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው አለኝ። ያ ጉባኤ ተሰብስቦ አያውቅም። ብዙው ቃል ሌላ ሰው፣ በሌላ አገር፣ አንድን ገዥ ለመንቀፍ ከጻፈው ላይ የተገለበጠ ነው፤ በዚያ በመጀመሪያው ጽሑፍ ላይ ስለ አይሁድ አንድም ነገር የለም። ገልባጮቹ ተናጋሪውን ለውጠው አይሁድ ተናገሩ አሉ። ከዚያ በኋላ ያን እያነበቡ ስንት ሕዝብ እንደ ፈጁ ሊነግረኝ ጀመረና ተወው።

“ልብስ የቀደዱት ይሻላሉ” አለ።

“አይሻሉም” አልሁት። “ገና ጀማሪዎች ስለ ነበሩ ነው።”

ጽሑፉን ከስልኩ አጠፋው። ለላኩለት ሰዎች ሐሰት ነው ብሎ ጻፈላቸው፤ መልሳቸውን አሳየኝ። ‘አንተንም ገዙህ?’ ይላል አንዱ። ሌላው የሚስቅ ፊት ብቻ ልኮበታል። ሙሴያችንም ቤት ሄደ። እሷ ዘንድ ብዙ አልቆየም።

“ምን አለችህ?”

“‘ልጄ፣ አንብበህ አሰማኸን፤ አሁን ደግሞ አልሰማችሁም ልትለን ነው?’ አለችኝ።”

ሙሴያችን ክፉ ሴት አይደለችም። ነገር ግን ያ እሑድ የሰማችውን ለሌላዋ ነግራለች፣ ሌላዋም ለሌላዋ። ሲነገርም የቀረው ‘ራሳቸው ተናገሩ’ የሚለው ብቻ ነው።

ጎረቤቴ ሰምታለች። ለጠላው ጌሾ ስትገዛ ገበያ ላይ ነግረዋታል። አጥሩ ላይ ቆማ ለእኔ ነገረችኝ።

“ዓለሙን ትገዢያለሽ አሉኝ፣ እትዬ። የጌሾውን ዋጋ ግን አላረከሱልኝም።”

ሳቅሁ። እሷም ሳቀች። ከዚያ አጥሩን ይዛ፦

“ይመጡ ይሆን?” አለች።

“እኔ እመጣለሁ” አልኋት። ከዚያ በላይ የማውቀው ነገር አልነበረኝም።

ኅዳር ጽዮን ዕለት ሩዝ የሚያጭደው ሁሉ በዓል ስለ ሆነ ማሳው ላይ ሰው አይታይም ነበር። ከእህቴ ልጅ ጋር በጠዋት ሄድን። ግድግዳውን አዲስ ጭቃ ለስናዋለች፣ ወለሉን በእበት ለቅልቃዋለች፣ ደጃፍ ድረስ ቄጤማ ጎዝጉዛለች። ድፎ ዳቦው በኮባ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ጽዋው ከማርያም ሥዕል ሥር ነው። ከሁሉ በፊት ያየሁት ግን የጠላ ዋንጫዎቹን ነው። ለእያንዳንዷ ማኅበርተኛ አዲስ የሸክላ ዋንጫ ሠርታለች። ሙያ ለማሳየት መስሎኝ፦

“ይህን ሁሉ እንዴት አደረስሽው?” አልኋት።

“እኛ የምንጠጣበትን አልፈልግም የምትል ብትኖር ብዬ ነው” አለች። “ከተተኮሱ ወዲህ አፍ አልነካቸውም።”

ቄሱ መጡ። ተቀመጡ። እንጠብቅ አሉ፤ ጠበቅን። ሰው በመንገዱ ሲያልፍ ጎረቤቴ ወደ ደጅ ታያለች፣ መልሳ ዳቦውን የሸፈነውን ኮባ ታስተካክላለች። ምላሰኛዋ ከነነጠላዋ በበሩ ፊት ለፊት አለፈች፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን የምትሄድ አስመስላ፣ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ። ሙሴያችን እግሬን አሞኛል ብላ በእህቴ ልጅ ስልክ ደወለች። ሌሎቹ አልደወሉም።

“እንግዲህ በስመ አብ እንበል” አሉ ቄሱ።

ዳቦው ተባርኮ ተቆረሰ። አራት ሆነን በላን። የእህቴ ልጅ ሁለተኛ ጠይቆ በላ፤ ጠግቦ እንደ ነበር አውቃለሁ። ጠላው ጥሩ ነበር። ቄሱም ‘ሙያሽ ይባረክ’ አሏት፤ ‘አሜን፣ አባ’ አለች። ጸሎቱ ሲያበቃ ጽዋውን አንሥታ በነጠላው ሸፈነችና መካከል ላይ ቆመች።

“የሚቀጥለው ወር ባለተራ ማን ናት?” አሉ ቄሱ።

ሙሴያችን ነበረች። ጎረቤቴ ጽዋውን እንደያዘች ቄሱን አየች፣ እኔን አየች። በልማዳችን ጽዋ ሳይተላለፍ አያድርም፤ ተረካቢ ካጣ ማኅበሩ ፈረሰ ማለት ነው። ያን ዕለት እሷ ቤት ቢፈርስ ደግሞ ማን አፈረሰው እንደሚባል አውቄዋለሁ። መልሱ ብቻ ይነገራል።

ተነሥቼ እጄን ዘረጋሁ።

“እትዬ፣ ተራዎ እኮ አይደለም” አለችኝ። “አሁን አይደል እርስዎ የሰጡኝ?”

“አይደለም” አልሁ። ተቀበልኋት።

ጽዋው አሁን እኔ ቤት ነው። የታኅሣሥ ማርያም ደረሰ፣ ዳቦ ጋገርሁ። ሁሉም መጡ፤ ሙሴያችንም እግሯ ተሽሏት መጣች። ስለ ኅዳር ያነሣ ሰው የለም። ጎረቤቴ ብቻ አልመጣችም። የእህቴ ልጅ ሊጠራት ሄዶ ብቻውን ተመለሰ።

“እሺ መጣሁ ብላኝ ነበር” አለ።

ጎረቤቴ ጎንደር ያለችው ልጇ ዘንድ ልትሄድ ዕቃዋን እየሰበሰበች ነው። አፈር ጎንደርም አይጠፋም ትላለች። አዲሶቹን ዋንጫዎች ባለፈው ገበያ ይፋግ ወስዳ ሸጠቻቸው። ማን እንደ ሠራቸው የሚጠይቅ አልነበረም፤ ሳይመሽ አለቁላት።